ፈታ ማለትም ሰብሰብ ማለትም ጊዜ አለው

በቅበላ ሰሞን አዲስ አበባ የገባ እንግዳ ሉካንዳ ቤቶቹን ሞልተው ያገኛቸዋል። ጓደኛማቾች ቁርጥ ከበው ሲጫወቱ፣ ቤተሰብ የቀረውን ቅቤና ወተት ጾም ሳይገባ ለመጨረስ ሲጣደፍ ያያል። ማስታወሻው ላይ «ይህ ሕዝብ መብላትና መጫወት ይወዳል» ብሎ ቢጽፍ ያየውን ጻፈ እንጂ አልዋሸም። ያው እንግዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመለስ ግን ብዙዎቹ ሉካንዳዎች ተዘግተው፣ ምግብ ቤቱ በሽሮና በበያይነቱ ተይዞ፣ ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሲውል ያገኘዋል። አሁን ደግሞ «ይህ ሕዝብ የሥጋ ፍላጎቱን የሚጫን ነው» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ሁለቱም ማስታወሻዎች ያዩትን በትክክል መዝግበዋል፤ ሁለቱም ግን ሕዝቡን አላወቁትም። ሕዝቡን ለማወቅ ሁለቱን ሳምንታት ጎን ለጎን ያስቀመጠውን ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። ባህሎች በደስታና በራስ ገዥነት ረገድ እንዴት እንደሚለያዩ ስንመረምርም ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እንደዚህ እንግዳ ነው፤ አንዱን ሳምንት ብቻ አይተን እንፈርዳለን።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ግሩም አነጋገሮች አሉት። ወዳጅ ለወዳጁ «ፈታ በል» ይለዋል፤ ታላቅ ደግሞ ታናሹን «ሰብሰብ በል» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ከፍቅር ሊመጡ ይችላሉ፣ ሁለቱም በጊዜያቸው ትክክል ናቸው። የስድብ ቃላቶቻችንን ብናይ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። ራሱን የማይገዛውን «ሆዳም» እንለዋለን። ነገር ግን ያለውን የሚቆጥበው ሁሉ አይመሰገንም፤ ከልክ ሲያልፍ «ንፉግ» ወይም «ቋጣሪ» ይባላል። ሆዳም ሌላው ሳይደርሰው የሚበላ ነው፤ ንፉግ ደግሞ ሌላው እንዲበላ የማይፈቅድ ነው። አንዱ በመብላት፣ ሌላው ባለመብላት ይነቀፉ እንጂ የሁለቱ ጥፋት አንድ ነው፤ አብሯቸው ማዕድ ላይ ያለውን ሰው ረስተዋል። ቋንቋው ከመጠኑ ይልቅ አብሮ መሆንን መመዘኛ አድርጎታል ማለት ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ጥናቶችም ወደዚሁ ያደርሱናል።

ባህሎችን በቁጥር ለማነጻጸር ከሞከሩት ተመራማሪዎች ስሙ የገነነው ሆላንዳዊው ጌርት ሆፍስቴድ ነው። መጀመሪያ ያጠናው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞች በየአገሩ የሞሉትን መጠይቅ ነበር። በ2010 ቡልጋርያዊው ሚካኤል ሚንኮቭ ባደረገው ምርምር ላይ ተመሥርቶ በመለኪያዎቹ ላይ አንድ ጨመረ፤ እሱም አንድ ማኅበረሰብ ሰው ደስታውን እንዲከተል ምን ያህል እንደሚለቅቀውና ምን ያህል እንደሚገታው የሚለካ ነው። መረጃው የመጣው በብዙ አገሮች በተደጋጋሚ ከሚካሄደው የዓለም የእሴቶች ጥናት ሲሆን፣ መሠረቱ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ምን ያህል ደስተኛ ነህ? ሕይወትህን በራስህ እጅ እንደያዝክ ይሰማሃል? የመዝናኛ ጊዜ ለአንተ ምን ያህል አስፈላጊ ነው? በዚህ ሚዛን ቬኔዙዌላ 100፣ ሜክሲኮ 97፣ ናይጄሪያ 84፣ ስዊድን 78 አግኝተዋል። ሩስያ 20፣ ላትቪያ 13፣ ግብፅ 4፣ ፓኪስታን ደግሞ 0 ላይ ተቀምጠዋል። የላቲን አሜሪካ አገሮች በአብዛኛው ከላይ፣ የቀድሞ ኮሚኒስት አገሮች በአብዛኛው ከታች ናቸው።

ይህ ልዩነት የፈጠራ አይደለም። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በተለያዩ ዓመታት የሰጡት መልስ ነውና በቀላሉ ሊጣል አይገባም። ጥያቄዎቹን ግን ልብ ብለን እናንብባቸው። የተጠየቀው ሰው ስንት ጊዜ እንደሚጾም፣ ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ፣ ልጁን ምን እንደሚከለክል አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ስለ ስሜቱ ነው። አምባገነን አገዛዝ ወይም የኢኮኖሚ ውድቀት ያሳለፈ ሰው «ሕይወቴ በእጄ ናት» ለማለት ቢቸገር የባህሉን ገቺነት ከመናገሩ በፊት የኖረበትን ታሪክ እየተናገረ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ አንድ እውነተኛ ነገር ይለካል፤ ያም የነጻነትና የደስታ ስሜት ነው። ራስን የመግዛት ልማድን ግን አይለካም። ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ስናይ ነው አገሮችን «ፈታ ያሉ» እና «ሰብሰብ ያሉ» ብለን በሁለት በረት የምንከታቸው።

ስዊድን በየትኛው በረት እንደምትገባ ይታይ። በሚዛኑ 78 ያገኘች፣ ማለትም ፈታ ካሉት የምትመደብ አገር ናት። በዚያው አገር ከ3.5 ከመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር፣ በችርቻሮ የሚሸጠው ሲስተምቦላጌት በሚባለው የመንግሥት ሱቅ ብቻ ነው። ዕድሜው 20 ያልሞላ አይገዛም፤ ሱቆቹ ቅዳሜ በጊዜ ይዘጋሉ፣ እሑድ ጭራሽ አይከፈቱም። ቀደም ሲል፣ እስከ 1955 ድረስ፣ ሰው መጠጥ የሚገዛው በስሙ በተሰጠው ደብተር ላይ እየተመዘገበ በራሽን ነበር። የልጆቹም ነገር እንዲሁ ነው። በ1940ዎቹ ቪፔሆልም በሚባል ሆስፒታል የአእምሮ ውስንነት ባለባቸው ታካሚዎች ላይ የተደረገና ዛሬ በሥነ ምግባር ረገድ ክፉኛ የሚወገዝ ጥናት፣ ጣፋጭ በየሰዓቱ መብላት ጥርስን እንደሚያበላሽ አሳየ። ከዚያ በኋላ የጤና ባለሥልጣናት ለቤተሰቦች የሰጡት ምክር ከረሜላ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን የሚል ነበር። «የቅዳሜ ከረሜላ» የሚባለው ልማድ በዚህ ሰበብ ጸንቶ እስከ ዛሬ አለ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ማንም ሳይቆጣው ከረጢቱን ይሞላል። ስዊድን ታዲያ ፈታ ያለች ናት ወይስ ሰብሰብ ያለች? ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። ስዊድን ደስታን በቀን ቀጥራዋለች፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሳታሳፍር ትለቅቀዋለች።

በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ ይበልጥ ያፍታቱልናል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ሚሼል የጀመረው ፈተና የታወቀ ነው። ልጅ ፊት ማርሽማሎው የሚባለው ለስላሳ ጣፋጭ ይቀመጥለታል፤ ተመራማሪው እስኪመለስ ሳይበላ ከጠበቀ ሁለተኛ ይጨመርለታል። ፈተናው ለብዙ ዓመታት የልጁን የተፈጥሮ ጽናት እንደሚለካ ታስቦ ነበር። ከዚያ ጀርመናዊቷ ቤቲና ላምና ባልደረቦቿ ፈተናውን ወደ ካሜሩን ወስደው በሰሜን ምዕራብ የሚኖሩ የንሶ ገበሬዎችን ልጆች ከመካከለኛ ገቢ የጀርመን ቤተሰብ ልጆች ጋር አነጻጸሩ። አራት ዓመት ከሆናቸው የንሶ ልጆች ከ10 ሰባት የሚሆኑት ሲጠብቁ፣ ከጀርመኖቹ የጠበቁት ከ10 ሦስት አይሞሉም። ከንሶዎቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሲጠብቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የንሶ እናት ልጇ ስሜቱን እንዲይዝና ታላቁን እንዲሰማ ከሕፃንነቱ ታስለምደዋለች፤ የጀርመኗ እናት ደግሞ ልጇ የሚፈልገውን እንዲናገርና እንዲመርጥ ታበረታታዋለች። እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ የተማረውን ይዞ ነው ፈተናው ፊት የቀረበው።

ከዚህም የሚገርመው በ2022 የታተመው የጃፓኗ ኪዮቶና የአሜሪካዋ ቦልደር ከተሞች ንጽጽር ነው። ምግብ ፊት ለፊታቸው ሲቀመጥ የጃፓን ልጆች ከአሜሪካ ልጆች እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁ፤ አብዛኞቹ ጃፓኖች እስከ 15 ደቂቃው መጨረሻ ሲዘልቁ የአሜሪካኖቹ መካከለኛ የጥበቃ ጊዜ አራት ደቂቃ አይሞላም። ታዲያ ጃፓኖች ታጋሽ፣ አሜሪካኖች ቸኳይ ናቸው? ተመራማሪዎቹ ለሌሎች ልጆች በምግቡ ፈንታ በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሲያስቀምጡ ውጤቱ ተገለበጠ። አሜሪካኖቹ ወደ 15 ደቂቃ ሲጠብቁ ጃፓኖቹ አምስት ደቂቃ ሳይሞላቸው ከፈቱት። ምክንያቱ የየቤቱ ልማድ ነው። የጃፓን ልጅ በትምህርት ቤትም በቤትም ምግብ ለሁሉም እስኪቀርብ ይጠብቃል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኢታዳኪማስ» ብለው ካመሰገኑ በኋላ ነው የሚበላው። የአሜሪካ ልጅ ደግሞ ከገና ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ስጦታ ቀናት እያየው ሳይነካው ይሰነብታል። ራስን መግዛት አንዱ ሕዝብ ያለው ሌላው የሌለው ሀብት ቢሆን ኖሮ በዚያው አገር ልጆች ላይ እንዲህ ሊገለባበጥ አይችልም ነበር። እያንዳንዱ ባህል ልጓሙን የሚያስርበት ቦታ አለው፤ የኛ ስህተት በራሳችን ቦታ ላይ ልጓም ስናጣ ጭራሽ የለም ማለታችን ነው።

ልጓምና ደስታ ጠላቶች ናቸው የሚለውም ሐሳብ ሲመረመር አይቆምም። ፈረንሳዮች ለምግብ ባላቸው ፍቅር የታወቁ ናቸው፤ ዩኔስኮ በ2010 የፈረንሳዮችን የግብዣ ማዕድ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት በፓሪስና በፊላደልፊያ ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን ምግብ መዘኑ። የፊላደልፊያው አማካይ ድርሻ ከፓሪሱ በ25 ከመቶ ይበልጥ ነበር። ማክዶናልድ ቤት ተቀምጠው የሚበሉትን ሲያዩ ደግሞ አሜሪካኑ በአማካይ 14 ደቂቃ፣ ፈረንሳዩ 22 ደቂቃ ቆይቷል። ሮዚን ቀደም ሲል ባደረገው ሌላ ጥናት ምግብ ለፈረንሳዮች ከደስታ፣ ለአሜሪካኖች ከጤና ስጋት ጋር ይበልጥ የተያያዘ መሆኑን አግኝቷል። ምግብን ይበልጥ የሚደሰትበት ሕዝብ ትንሽ ይበላል፣ ቀስ ብሎ ይበላል፤ ይበልጥ የሚሰጋው ሕዝብ ብዙ ይበላል፣ ተጣድፎ ይበላል። የፈረንሳዩን መጠን የያዘለት ጭንቀት አይደለም። የታወቀ የምሳ ሰዓት፣ የተከበረ ገበታና አብሮት የተቀመጠ ሰው ናቸው።

ጊዜና ባልንጀራ፣ እነዚህ ሁለቱ ናቸው የጥንት ሥርዓቶች በሙሉ የያዙት ቁልፍ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ 50 ቀን ነው፣ በእነዚህ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። እገታው ረጅም ነው፤ ልቀቱም ያንኑ ያህል ረጅም ነው። ለበዓሉ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ በቅርጫ ይከፋፈላል፤ አንዱ ቤት ከሌላው ቀድሞ አይፈስክም። በረመዳንም ሙስሊሙ ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ከምግብና ከውሃ ይታቀባል፤ አዛን ሲሰማ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ያፈጥራል፣ ወሩ ሲያልቅ ኢድ ይመጣል። የካቶሊኩ አውሮፓም ከጾሙ በፊት ካርኒቫል አለው፤ የብራዚሉ ጭፈራ የዚያ ልጅ ነው። ይህን ጥምረት ያፈረሱም ነበሩ። የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች በ1659 ገናን የሚያከብር ሰው አምስት ሽልንግ እንዲቀጣ ሕግ አወጡ፤ ሕጉ እስከ 1681 ቆየ። ለእነሱ ቅዱስ ቀን የሰንበት ቀን ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር በ1904 እና 1905 ባሳተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ የተሐድሶው ክርስትና ከገዳም አጥር ውስጥ የነበረውን ቁጥብነት አውጥቶ የዕለት ተዕለት ሥራና ኑሮ አደረገው። እገታው ከቀን መቁጠሪያው ወጥቶ የእያንዳንዱ ሰው የግል ሸክም የሆነበት አንዱ ትልቅ መታጠፊያ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ድሃ ሥጋ የማይበላው ስለሚጾም አይደለም፤ ስለሌለው ነው። የእሱን ማጣት ራስ መግዛት ብሎ ማወደስ ግፍ ነው፤ ይህ ተቃውሞ ፍጹም ትክክል ነው። መረጃውም ይደግፈዋል። በ2018 የሚሼልን ፈተና በሰፊውና ከተለያየ ኑሮ በመጡ ልጆች ላይ የደገሙ ተመራማሪዎች፣ የቤተሰቡ ሁኔታ ሲታሰብ ፈተናው የልጁን የወደፊት ውጤት የመተንበይ ኃይሉ እጅግ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በ2013 ደግሞ ሴሌስት ኪድ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ 28 ልጆችን በሁለት ከፈለች። ለአንዱ ቡድን ቃል የተገባለት የተሻለ ቀለም መጣለት፤ ሌላው ቡድን ይቅርታ ብቻ ተቀበለ። ከዚያ ጣፋጩ ሲቀርብ፣ ቃሉ የተጠበቀለት ልጅ በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቀ፤ ቃሉ የታጠፈበት ሦስት ደቂቃ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ትምህርቱ ግን ከባድ ነው። የማይጠብቅ ልጅ ደካማ ልጅ ላይሆን ይችላል፤ ነገ እንደማይመጣለት የተማረ ልጅ ሊሆን ይችላል። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የምንለው ለሚታመን ነገ ነው። ጾም ጾም የሚሆነው ፋሲካው በእርግጥ ሲመጣ ነው፤ ፋሲካ የሌለው ጾም ረሃብ ነው። ከድሃው ቁጥብነትን የሚጠይቅ ማኅበረሰብ አስቀድሞ ነገውን ሊያረጋግጥለት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነጻነት ወገን ይመጣል። ማኅበረሰቡ የሚያስረው ልጓም ይጫናል፤ ይሉኝታ ስንቱን ሰው ሳይኖር አሳለፈው፤ ይልቁንም በሴቶች ላይ ሸክሙ እጥፍ ነው፣ የጾሙንም የፍስኩንም ወጥ የምትሠራው አንዲት እናት ናትና። ይህም እውነት ነው፤ አብሮ ማክበር አብሮ መሥራትን ካልጨመረ የአንዷ ድካም የሌሎች በዓል ይሆናል። ነገር ግን ከማኅበር ልጓም መውጣት ብቻውን ነጻነት አያመጣም። ዛሬ በከተማ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት፣ ብቻውን፣ ስልኩን ነክቶ ምግብም መጠጥም ጨዋታም ያስመጣል። የሚያቆመው ቀን የለም፤ የሚጠብቀው ሰው የለም። ቀድሞ ሰፈሩ ሁሉ ተጋግዞ የሚሸከመውን እገታ አሁን ብቻውን፣ በየደቂቃው፣ ሺህ ማስታወቂያ እየጎተተው እንዲሸከም ተትቷል። ሲያቅተው ጥፋቱን የራሱ ድክመት ያደርገዋል።

መንግሥት ይከልክልልን የሚሉም አሉ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933፣ ፊንላንድ ከ1919 እስከ 1932 አልኮልን በሕግ ከለከሉ፤ ሁለቱም አገሮች ኮንትሮባንድና ድብቅ መሸታ ቤት አተረፉ፣ ሁለቱም ሕጉን ሻሩ። ስዊድን በ1922 በሕዝበ ውሳኔ ጠቅላላ እገዳውን በጠባብ ልዩነት ሳትቀበለው ቀረች፤ መጠጡን ሳትከለክል በቀንና በመጠን ወሰነችው፤ የመጠን ራሽኑ በ1955 ቢቀርም የቀኑ ገደብ ዛሬም አለ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለዘላለም «አይሆንም» የሚል ሕግ ሰው የሚጠብቀው ቀን ስለማይሰጠው ጓሮ ለጓሮ ያስኬደዋል። «አሁን አይሆንም» የሚል ሥርዓት ግን ተስፋ አብሮ ይሰጣል፤ ሰው ደግሞ ተስፋ ካለው ይጠብቃል።

ይህ ጉዳይ ለኛ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖረው ወገናችን ፋሲካው ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ፋሲካ ጋር ስለማይገጥም፣ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ሥጋ በሚበሉበት ምሳ ሰዓት ጾሙን ብቻውን ይይዛል፤ የበዓሉም ማግስት ተራ የሥራ ሰኞ ይሆንበታል። አጥሩ ከሰፈር ወደ ልብ ገብቷል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበር፣ የጋራ ማዕድ የሚፈለገውም አንዱ ምክንያት አጥሩን እንደገና የጋራ ለማድረግ ነው። በአዲስ አበባም ዓመቱ እየተስተካከለ፣ ቀኖቹ እየተመሳሰሉ ነው። የጾም ኬኩና የጾም ፒዛው ሲበዛ ጾሙ የምግብ ዓይነት መቀየሪያ ብቻ እንዳይሆን የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ኬክ ሻጩን መውቀስ አይደለም። ልጆቻችን የሚጠብቁት ቀን፣ አብረው የሚጠብቁት ሰው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። አንድ ቤት የሳምንት አንድ ቀን ጣፋጭ ቢወስን፣ ሁሉም ሳይቀርብ ማንም ባይጎርስ፣ የታሰበው ቀን ሲደርስ ደግሞ ያለ ወቀሳ ቢደሰት፣ ይህን ለማድረግ ሃይማኖቱ የትኛውም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሰው «የትኛው ባህል ይበልጣል፣ የሚለቅቀው ወይስ የሚገታው?» ብሎ ቢጠይቀን መልሱ ያለው አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚያ የሥጋና የወተት ሰሞን በሰጡት ስም ውስጥ ነው። የግብዣ ሳምንት ነው፤ ሆኖም የግብዣ ስም አላወጡለትም። ቅበላ አሉት፣ ጾሙን የሚቀበሉበት ነውና። የጠገበው ሕዝብ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እንግዳ ጾሙ ነው፤ ጾሙ ሲሸኝ ደግሞ ፋሲካውን ይዞ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱ ቢቀር ለሌላው ስም አይገኝለትም።